መዝገቡ ሁለት ይላል

ቆቦ፣ ሰኔ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለሚዜያችን ለሃምሳ አለቃ ታረቀኝ፣ ደብረ ዘይት አየር ኃይል፣

እንደምን ሰነበትህ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ሦስቴ እስክሪብቶውን አነሣሁት፣ አልቻልኩም፣ ደህና አይደለሁም። ላንተ ደሞ መዋሸት አይሆንልኝም። ከአባቴ ቤት አዝለህ ያወጣኸኝ አንተ ነህ፣ ባሏ ፈንታው ቢያስከፋት ወደኔ ትምጣ ብለህ ሽማግሌ ፊት ምለሃል፣ ይኸው መጣሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ ለማንም አላስነበብኩም፣ አትሥጋ። አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩ ሁለት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ሁሉንም ቃል አንብቤዋለሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ፈንታው ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈልኝ በሁዳዴ ጾም ነው። ስለ መክዳት ምንም የለበትም። ስለ ወንበዴም ምንም የለበትም። «ለፋሲካ ሰሞን ሰው ለምኜም ቢሆን በሰማይ እመጣልሻለሁ፣ ቆቦ ካረፍን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን አይሻለሁ» ነው የሚለው። ማንን እንደሚለምን አልጻፈም። ወረቀቱ ሣጥኔ ውስጥ አለ፣ ማንም አላየውም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንዲት ሄሊኮፕተር በላያችን አለፈች። ገበያ ነበርኩ፣ እጄን በግንባሬ አድርጌ አየኋት። በዞብል ተራራ በኩል ሄደች፣ ከዚያ ጭስ አየን፣ ሰዉ ሁሉ ሸሸ። ያቺ እኔ በቴክኒሻንነት የተመደብኩባት ናት ብለህ ጽፈህልኛል። ወባው ጥሎህ ባይቀር አንተም አልነበርክም ማለት ነው። እግዜር ይመስገን። ለሁለቱ አብራሪዎችም ነፍስ ይማር።

እኔ ጋ ያለው ግን ሌላ ነው። በግንቦት መጀመሪያ የቀበሌው ሊቀመንበር ተሾመ ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። «ባልሽ ከድቷል፣ ከጦር ሰፈሩ ጠፍቷል» አለኝ። «የት?» አልኩት። «እሱን አንቺ ንገሪን እንጂ» አለ። አልጋ ሥር ሳይቀር ገልብጠው አዩ። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ እፈርማለሁ፣ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ከልክለውኛል፣ ሴቶቹ ውኃ ስንቀዳ እንስራቸውን ከኔ ያርቃሉ። እሱ ሁሉ ይሁን። እኔን የጨነቀኝ ሞቶ እንደሆነ ጸጉሬን ልላጭ ነው፣ አለ እንደሆነ ልሠራና ልጠብቅ ነው። ይኸው እንደ ዕብድ ተንጨብርሬ ተቀምጫለሁ። አማቴ አያ አራጌም ቄሱን ለምነው ነበር፣ መሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት አይደረግም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቅዳሜ ፈንታው የት ነበር? ጠዋት አላየኸውም?

እኅትህ የሻረግ

ቆቦ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ሚዜዬ ታረቀኝ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርግልኝ። ወደ ዞብል ድርሽ እንዳትዪ ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ነው። አውቄ ቃልህን አልጣስኩም። ፍየል የሚገዙ ሴቶች ሲወርዱ አብሬ ወረድኩ፣ ለተሾመ ራሴን አሞኛል ጸበል ልሄድ ነው አልኩት፣ እንዴት እንደዋሸሁ እንጃ።

ወድቃበታለች ያሉት መንደር ከተራራው ሥር ነው፣ ማሽላው አንገት ደርሷል። አንዲት አሮጊት በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘሁ፣ እማ መይሙና ይባላሉ። ማን ነሽ አሉኝ፣ የአየር ኃይል ሰው ሚስት ነኝ አልኳቸው። «በሰማይ የሚሄድ ባል ምን ያደርግልሻል፣ የመሬቱ አልቆብሽ ነው? ከኛ አንድ ግመል ነጂ አጥተሽ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ብድግ ብለው እጄን ያዙኝ። «ነይ ግቢ፣ ውኃ ጠጪ» አሉኝ።

ታረቀኝ፣ ሦስት ናቸው።

መዝገቡ ሁለት ይላል ብለህ ጽፈህልኝ የለም? ሁለቱ አብራሪዎች ብቻ ናቸው፣ ቴክኒሻን ሳትይዝ ነው የተነሣችው ብለሃል። እማ መይሙና ግን ሦስት ነው የቀበርነው አሉ። «እናቴ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ስላቸው ተቆጡ። «የሸፈንኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ልብስ ነው የወጣብን፣ አንደኛው የልጄ ጋቢ ነው፣ እስከ ዛሬ በብርድ ይነዘንዘኛል። ሁለት ቢሆኑ የልጄን ጋቢ ለማን አለበስኩት? ወላሂ ሦስት ናቸው» አሉ።

ሁለቱ ከፊት ነበሩ፣ አንዱ ከኋላ። ፊታቸው ስለተቃጠለ ክርስቲያን ይሁኑ እስላም የሚያውቅ ጠፋ። ቄሱም ሼሁም መጥተው ተከራከሩ አሉኝ። ጠብ አይደለም፣ ሁለቱም የሌላውን ሰው ወስደን በማይሆን ቦታ እንዳናስቀምጥ ብለው ፈርተው ነው። መጨረሻ በቤተክርስቲያኑና በመስጊዱ መሬት መካከል፣ ድንበሩ ላይ ቀበሯቸው። ቄሱም ጸለዩ ሼሁም ሰገዱ። «የተሳሳተ ጸሎት የደረሰው ቢኖር አላህ ራሱ ያቃናው፣ እኛ ከዚህ የበለጠ ምን እናድርግ?» አሉኝ እማ መይሙና። ወስደው አሳዩኝ፣ ሦስት ክምር ድንጋይ ነው። እኔም ቆጠርኩት። መሐል ላይ ቆምኩ፣ ለየትኛው እንደማለቅስ አጣሁ።

ከኋላ የነበረው ሰው ኪስ ውስጥ አንዲት የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ አግኝተዋል። እጀታው ቀልጧል፣ ብረቱ ደህና ነው። እማ መይሙና የፋኖሳቸውን ክር ያወጡበት ነበር። ብረቱ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል፣ 117 ይላል። ባየሁት ጊዜ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቃለህ? በሙሽርነታችን ወር ፈንታው ምን ይለኝ ነበር፣ «የኛ ዕቃ ሁሉ በቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ፈርሞ ነው የሚወስድ፣ አንዲት ካቻቢቴ ብትጎድል ማታ በር ተዘግቶብን እንፈልጋለን» ይለኝ ነበር። እኔ ደሞ በካቻቢቴ ተጋብተህ እኔን ለምን ወሰድከኝ እያልኩ እስቅበት ነበር።

በካቻቢቴዋ ምትክ ለእማ መይሙና ነጠላዬን ልሰጣቸው ብል አልተቀበሉኝም። «የሞተ ሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ከመጣ ይሂድ» አሉኝ።

እንግዲህ አንተ እዚያው ነህ፣ መዝገቡ አጠገብህ ነው። 117 ማን ፈርሞ የወሰዳት ናት? አንተ ከቀረህ ባንተ ቦታ የሄደው ማን ነው? ይቺን ብቻ አይተህ ንገረኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም።

የሻረግ

ቆቦ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታረቀኝ፣

እንዳልከኝ አደረግሁ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ዕቃው ራሱ ካልቀረበ አያምኑም ብለሃል፣ ልክ ነህ፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ሥራ ምን አውቃለሁ። ካቻቢቴዋን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላዩ ሰፍቼ፣ ለአውቶቡሱ ሹፌር ለይርጋ ሰጥቼዋለሁ፣ ከታረቀኝ እጅ በቀር እንዳትሰጥ ብዬ አስምዬዋለሁ። የሁዳዴውንም ደብዳቤ አያይዤልሃለሁ። እሱን ስሰጥ ትንሽ አመመኝ፣ የእጅ ጽሑፉ ሌላ የለኝም። ግን ሰው ለምኜ እመጣለሁ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ማስረጃ ይሆናል ካልክ ይሁን። ሲጨርሱ መልስልኝ።

ለማን ነገርሽ ብለህ ጠይቀሃል። ለአማቴ ለአያ አራጌ ብቻ። እሳቸውም እስኪጣራ ዝም በይ፣ ሚዜው ይዞታል አይደል፣ በቃ አሉ። ለፈንታው ወንድሞች አልተናገርንም። እነሱ ትኩስ ናቸው፣ አንድ ነገር ከሰሙ ሁለተኛውን አይጠብቁም።

በካቻቢቴዋ ላይ ሌላ ምልክት አለ ወይ ላልከው፣ የለም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው።

የቀበሯቸውን ሰዎች ስም ከነአባታቸው ጽፈሽ ላኪ ያልከውን ግን አልጻፍኩም። አትቀየመኝ። የእማ መይሙናን ስም ባለፈው ሳላስበው ጽፌዋለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። እነሱ ድሃ ናቸው፣ ስማቸው ወረቀት ላይ ወጥቶ ለምን ሳታሳውቁ ቀበራችሁ ቢባሉስ? አንተን አላምን ብዬ አይደለም፣ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል ይላሉ። አስፈላጊ ከሆነ አንተ ፈቃድ ስትወጣ አብረን እንውረድና በአፋቸው ይንገሩህ።

ተሾመ ማክሰኞ ዕለት «ምነው ሰሞኑን ተረጋጋሽ፣ መልእክት መጣልሽ እንዴ?» አለኝ። ፈርሜ ስወጣ ደረጃው ላይ ወደቅሁ፣ ታጣቂዎቹ ሳቁ። ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ተልጧል። ያንተን ወረቀት ነው የምጠብቀው፣ ሞቷል የምትል አንዲት ወረቀት። ሚስት የባሏን ሞት እንዲህ ስትለምን አይተህ ታውቃለህ?

የሻረግ

ደብረ ዘይት፣ መስከረም 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየሻረግ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ዕቃውም ወረቀቱም በይርጋ እጅ ደርሰውኛል። ጊዜው ሲፈቅድ ለሚመለከተው ክፍል አቀርባለሁ።

ሦስት የሚለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ አትድገሚው። ገበሬዎቹ ተደናግጠው ነበር፣ በተቃጠለ ነገር መካከል ሰው መቁጠር ይሳሳታል። መሥሪያ ቤቱ ሁለት ብሏል፣ ሁለት ነው። አንቺም ለራስሽ ብለሽ ተስፋ አድርጊ፣ ባልሽ አንድ ቦታ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ጸጉርሽን አትላጪ።

የሻረግ፣ እዚህ ያለውን አታውቂም። ሰው በአንድ ፊርማ ይገባል፣ በአንድ ፊርማ ይወጣል። ያለ ትእዛዝ ተራ የተለዋወጠ ሰው ቢገኝ ምን እንደሚደረግ እኔ አይቻለሁ። ይህን የምልሽ እንዲሁ ነው።

ጎብዬ ብትወርጂ እናቴን ጠይቂልኝ። ይህን አንብበሽ አቃጥዪው።

ሚዜሽ ታረቀኝ

ቆቦ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለታረቀኝ፣

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩልህ፣ መልስ የለም። ይርጋን በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፣ ባንዱ ጉዞው በር ላይ ጠርቶህ የለም አሉት።

እናትህን እማማ ታንጉትን ጎብዬ ወርጄ አየኋቸው፣ ደህና ናቸው፣ ዓይናቸው ብቻ ትንሽ ደክሟል። በቆሎ እሸት ሰጥተውኛል። ልጄ ስላንቺ ሲጽፍ እኅቴ ነው የሚልሽ አሉኝ።

ያልገባኝ ነገር አለ። ያለ ትእዛዝ ተራ የተለዋወጠ ያልከው ማንን ነው? ሰባቴ አነበብኩት። ደብዳቤውን አቃጥዪው ብለሃል፣ ላቃጥለው ነው፣ ብቻ እሱን ንገረኝ።

የሻረግ

ቆቦ፣ ኅዳር 27 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለሃምሳ አለቃ ታረቀኝ፣

እርስዎ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚጻፈው። አልሆነልኝም። አዝሎኝ የወጣን ሰው እንዴት አንቱ እለዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ልፈርም ስገባ ተሾመ ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሰጥቶኝ አያውቅም፣ ያኔ ነው የፈራሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። «ከደብረ ዘይት መጥቷል፣ ያንቺ ነገር ተጣርቶ አለቀ፣ ከእንግዲህ ሦስት ሁለት እያልሽ ሕዝብ እንዳታሸብሪ» አለኝና ማንበብ ጀመረ። ሁለት አብራሪዎች ተሰውተዋል። ቴክኒሻኑ በሆድ ሕመም ምክንያት ከበረራው ቀርቷል። ለኔ ወባ ነበር ያልከኝ። ከወደቀችበት ቦታ የተገኘ ሌላ ማስረጃ የለም። የአሥር አለቃ ፈንታው አራጌ ወደ ወንበዴ ለመግባት ማሰቡን አስቀድሞ ለባልደረባው ተናግሯል፣ ባልደረባውም ቀርቦ መስክሯል። ከዚያ ስምህን አነበበው።

«ድገሙልኝ» አልኩት።

«ደንቆሮ ነሽ?»

«አዎ፣ ድገሙልኝ።»

ደገመው። ስምህ ከነአባትህ ከነቁጥርህ። መቼ ፈረመ አልኩት፣ መስከረም 20 አለኝ። ለኔ የጻፍከው መስከረም 18 ነው። ካቻቢቴዋ እጅህ ላይ ነበረች፣ የሁዳዴው ወረቀት እጅህ ላይ ነበር፣ ሁለት ቀን አሳደርካቸውና ሄደህ ምንም የለም ብለህ ፈረምክ። ተሾመ ምን አለኝ መሰለህ፣ «እኛ እንኳ እንጠራጠር ነበር፣ አባትና እናት ይዋሻሉ። ሚዜው ካለ ግን አለቀ፣ ሚዜ በሙሽራ ላይ አይዋሽም።» እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። አበደች ብለው ውኃ ሰጡኝ።

እየተመለስኩ መንገድ ላይ ሁሉም ተገጣጠመልኝ፣ ሞኝ ነኝ እንጂ አንተ ራስህ ነግረኸኝ ነበር። ሰው ለምኜ ያለው አንተን ነው። ለመነህ፣ ሚስቴን ልያት፣ አንድ ቀን ተራህን ስጠኝ አለህ፣ አንተም ሰጠኸው። እሱን ጥፋት አልለውም። እኔን ብሎ ነው የተሳፈረው፣ ብትከለክለው ኖሮ እኔም አኮርፍህ ነበር። ስትወድቅ ግን ተራዬን ሰጥቼው ነበር ማለት ፈራህ። እሱንም ልረዳህ እችላለሁ፣ እኔ ከፈሪ ፈሪ ነኝ፣ ተሾመ ሲያስነጥስ እንኳ እደነግጣለሁ። ዝም ብትል ይገባኝ ነበር። አንተ ግን ዝም አላልክም። እየጻፍክ ጠየቅኸኝ፣ ምን ተገኘ፣ ማን አየ፣ ለማን ነገርሽ፣ ሌላ ምልክት አለው ወይ። እኔ ደሞ የሚፈልግልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ አንድ በአንድ አቀበልኩህ። የቀረኝን ሁለት ነገር ሰፍቼ ላክሁልህ። ጨክነህ ሞቷል እንኳ አላልከኝም፣ በሕይወት አለ ብለሽ ጠብቂ አልከኝ። ስንት ዓመት ነበር ልታስጠብቀኝ ያሰብከው?

ቤት ገብቼ ለአያ አራጌ ከድቷል ብለው ዘጉት አልኳቸው። «እንግዲህ ወረቀት አልጠብቅም፣ ልጄ ዞብል ሥር ነው ያለው» አሉ። በማግሥቱ ጸጉሬን ተላጨሁ። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን፣ የከዳተኛ ለቅሶ የለም ተብሎ ስለተከለከለ እስከ እኩለ ቀን የመጣ ሰው አልነበረም፣ ሰዉ በአጥር ያየንና ያልፋል። ከዚያ እማ መይሙና ከአራት ገበሬዎች ጋር በእግራቸው መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በሩ ላይ ቆመው «ጋቢ ያለበስኩት ልጅ ቤት ይሄ ነው?» አሉ። ያኔ የጎረቤቱ በር ሁሉ ተከፈተ። ታጣቂዎቹ መጥተው ቆሙ፣ ሰዉ ሲበዛባቸው ተመልሰው ሄዱ። ነገ ምን እንደሚያደርጉኝ እንጃ።

የፈንታው ትልቅ ወንድም ሰው ሲቀንስ ወደ ጓዳ ጠራኝ። «ማን ነው የመሰከረበት? ስሙን አንብበውልሻል» አለኝ። እጁ የሚሠራውን አጥቶ ቀበቶውን ይነካል። ደብረ ዘይት ሩቅ ነው፣ ጎብዬ ግን ቅርብ ነው፣ ታናሽ ወንድምህ እዚያ እርሻ ላይ ነው የሚውል። ይህን አንተም ታውቃለህ፣ የራያን ደም መመለስ አላስተምርህም። «ስም የለውም፣ ባልደረባው ብቻ ነው የሚል» አልኩት። አላመነኝም፣ ግን ሄደ።

እናትህም መጥተው ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው ጉንጫቸው እስኪላጥ አለቀሱ። «ልጄ እንዴት ቀረ? ሚዜ አይደለም ወይ፣ ከሁሉ ፊት እሱ ነበር መቆም የነበረበት» አሉኝ። ፈቃድ ከልክለውት ነው አልኳቸው። እጄን ሳሙኝ።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ስምህን ብናገር ሌሊቱን ቀላል ሆኖልኝ እተኛ ነበር። ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ገበሬዎቹ ሦስት ብለው ይምላሉ፣ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ካቻቢቴዋ የለችም፣ ደብዳቤው የለም፣ መዝገቡ ሁለት ይላል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ፈንታው ሲሳፈር ያየው፣ ተራውን በእጁ የሰጠው፣ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። አንተ ብትሞት ፈንታው እዚያች ሄሊኮፕተር ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚህ ምግብህን በደንብ ብላ። ወባውን ተጠንቀቅ። ወደዚህ አትምጣ፣ ራስህን ጠብቅ፣ ብዙ ኑርልኝ።

የሻረግ